የክብሪት ጭስ

ጠጋ በሉ። ታሪኩ ረዘም ይላል፤ የሚነሳው ግን ከአንዲት የክብሪት እንጨት ነው።

ዘመኑ 1998 ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር ነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስረኛ ክፍል ውስጥ ነን። የወሎ ቦረናን የኅዳር ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ያድራል፤ ተማሪው እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ነው የሚቀመጠው። ሁላችንም ፕላዝማው ላይ አፍጥጠናል። ፕላዝማ ማለት፣ ለማታስታውሱት ልንገራችሁ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃው የገባ፣ ትምህርት በሳተላይት የሚያመጣ ሰፊ ቴሌቪዥን ነው። መምህሩ ያለው ስክሪኑ ውስጥ ነው። የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ሰጥቶ ራሱ ይመልሳል፤ ገባችሁም አልገባችሁም መንገዱን ይቀጥላል። እጅ ብታወጡ አያያችሁም።

የዚያን ዕለት ትምህርቱ ባዮሎጂ፣ ርዕሱ ነርቭ ነበር። ስክሪኑ ላይ ረጅም የነርቭ ክር ተስሏል፤ በክሩ ላይ ቀይ ብርሃን ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል። ከእኔ ሁለት ዴስክ ቀደም ብላ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች፤ ጎበዝ ነበረች፤ ጽሕፈቷ የታተመ ይመስል ነበር። ድንገት አንድ ድምፅ አወጣች፤ ጩኸትም አይደለም፣ ልቅሶም አይደለም። ከዴስኩና ከግድግዳው መሐል ወደቀች። ሰውነቷ መጀመሪያ እንደ እንጨት ደረቀ፤ ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ክብሪት! ክብሪት አምጡ!" አለ አንዱ።

ክፍሉ ተደበላለቀ። አንዱ በስመአብ ይላል፣ አንዱ ቢስሚላሂ ይላል፣ አንዷ ነጠላዋን አውልቃ የልጅቷን እግር ትሸፍናለች። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ከኪሱ ክብሪት አወጣ፤ ጫረ፤ አጠፋውና ጭሱን አፍንጫዋ ላይ ያዘላት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እንጨት። ያ የድኝ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ከጭሱ በላይ፣ ከጫጫታው በላይ ደግሞ የፕላዝማው መምህር ድምፅ ይሰማል። ነርቭ በኤሌክትሪክ እንዴት መልእክት እንደሚያስተላልፍ እያስረዳ ነው። ቀዩ ብርሃን ይሮጣል። መሬት የወደቀችው ልጅ ላይ እየሆነ ያለው ነገርና እሱ የሚያስረዳው ነገር አንድ መሆኑን ያወቀ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም። ፕላዝማውን ያጠፋውም፣ ያቆመውም የለም። እንዴት ይቆማል?

ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። ዙሪያዋን አየች፤ ስልሳ ፊት ወደ እሷ ዞሯል። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። በዚያ ዓመት ክፍል ውስጥ ደግመን አላየናትም።

እኔም ተማርኩ፣ ፊዚክስ አጠናሁ፣ መምህር ሆኜ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ዛሬ መካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላት፤ ከደሴ በአቀስታ በኩል የሚመጣው ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ይወርዳል፤ ወደ ምዕራብ ደግሞ መንገዱ ቁልቁል አባይን ተሻግሮ ወደ መርጡለ ማርያም ይወጣል። ከተማዋ ተለውጣለች። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፤ ሰው ሲወድቅ ዛሬም የሚጠራው ክብሪት ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ ራስ ውስጥ እንግባ።

አንጎላችን በቢሊዮኖች የሚቆጠሩ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። እያንዳንዱ ሕዋስ በውስጡና በውጩ መካከል ጥቂት የኤሌክትሪክ ልዩነት ይዞ ነው የሚኖረው፤ 65 ሚሊቮልት ያህል፣ ውስጡ ኔጌቲቭ ሆኖ። አንድ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፤ የሕዋሱ የዚያ አንድ ሃያ ሦስተኛ ገደማ መሆኑ ነው። ይህ ልዩነት ሲቀንስ፣ ሲቀንስ፣ አንድ ቦታ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ መመለስ የለም፤ የሶዲየም በሮች ብርግድ ይላሉ። ሶዲየም ሌላ አይደለም፣ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው ውስጥ ያለው ነው። ሶዲየም ይጎርፋል፣ ሕዋሱ ይተኩሳል። ወዲያው የፖታሲየም በሮች ይከፈቱና ነገሩን ወደ ቦታው ይመልሱታል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በአንድ ሁለት ሚሊሰከንድ ውስጥ ነው።

ያን "መመለስ የሌለበት" ቦታ እንግሊዝኛው ትሬሽሆልድ ይለዋል። ለረጅም ጊዜ በአማርኛ ምን እንደምለው ቸግሮኝ ነበር፤ መነሻ መጠን አልኩት፣ ወሰን አልኩት፤ ተማሪዎቼ ጻፉት እንጂ አልገባቸውም። አንድ ቀን የእናቴን ቤት በር ስሻገር እግሬን እንቅፋት መታው። ደፍ! ትሬሽሆልድ እኮ በእንግሊዝኛውም የበር ደፍ ነው። ከደፉ መለስ ያለ ሰው ውጭ ነው፤ የተሻገረ ቤት ገብቷል፤ ግማሽ መግባት የለም። በማግስቱ ሰሌዳ ላይ "ደፍ" ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጡት ሳይቀሩ ቀና አሉ።

አንድ ሕዋስ ሲተኩስ ጎረቤቱን ይገፋል፤ ጎረቤቱም ደፉን ካለፈ ይተኩሳል። ለዚህ ነው አንጎል ገፊዎች ብቻ ሳይሆኑ ልጓም የሚይዙ ሕዋሳትም ያሉት። ልጓሙ ሲላላ ግን ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ምት ይተኩሳሉ። የሚጥል በሽታ የምንለው ይህ ነው። ዴስክ ሥር የወደቀችው ልጅ ራስ ውስጥ የነበረው ይህ ነው።

በአገራችን ይህን በሽታ ቤት ለቤት ሄደው ከቆጠሩት መካከል ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ይገኛሉ። በቡታጅራ አካባቢ፣ በመስቃንና ማረቆ፣ 60,820 ሰው ታይቶ 316 ታማሚ ተገኘ፤ ከሺህ ሰው አምስት ያህል ማለት ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። ከነዚያ ሰዎች ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ይህን ቁጥር ያነበብኩት መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ወረቀቱን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ከሺህ አምስት ከሆነ፣ እኔ በማስተምርበት ግቢ ውስጥ ስንት አሉ?

ያኔ ነው ለተማሪ የሚሆን አንድ ነገር ልሥራ ያልኩት። ግን ምን? ሳንባን በፊኛ ታሳያለህ። ልብን ከበግ አውጥተህ ታሳያለህ፤ ለፋሲካና ለአረፋ በየቤቱ አለ። ሕያው አንጎል ግን ተከፍቶ፣ በኤሌክትሪክ ተነክቶ እንዴት ይታያል?

ሰዎች ሞክረውታል። ይህን ክፍል በደንብ ስሙኝ።

እ.ኤ.አ. በ1870 ፍሪትሽና ሂትሲግ የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን በርሊን ውስጥ የውሻ አንጎል ገልጠው በቀጭን ሽቦ በኤሌክትሪክ ነኩት። አንዱን ቦታ ሲነኩ የውሻው እግር ተነሳ። ሌላውን ሲነኩ አንገቱ ዞረ። ከዚያ በፊት ብዙ ሊቃውንት የአንጎል ላይኛው ክፍል ለኤሌክትሪክ መልስ አይሰጥም ይሉ ነበር። ወሬው ዓለምን ዞረ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1874፣ አሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ ሜሪ ራፈርቲ የምትባል የሠላሳ ዓመት ሴት ሆስፒታል መጣች። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ነበረች። የራስ ቅሏን ነቀርሳ በልቶት አንጎሏ ይታይ ነበር። ሐኪሙ ሮበርት ባርቶሎው መርፌ አስገብቶ ኤሌክትሪክ ለቀቀበት። እጇ ተወራጨ። ጣቶቿ ተዘረጉ። ኃይሉን ጨመረ። አለቀሰች፤ ከዚያም ያ እኔ ክፍላችን ውስጥ ያየሁት ነገር መጣባት፤ ደረቀች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ራሷን ሳተች። ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተች። ባርቶሎው ያየውን ጽፎ አሳተመ፤ የሙያ ባልደረቦቹ ሳይቀሩ አወገዙት።

ስሟን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እናገራለሁ፤ ሜሪ ራፈርቲ። ስለ አንጎል ካወቅነው ውስጥ የጥቂቱን ዋጋ የከፈለችው እሷ ናት፤ ፈቅዳ ይሁን ሳትፈቅድ ግን ማን በቅጡ ጠየቃት? ኤሌክትሪኩን ትንሽ ጨምሮ "ምን ይሆን?" ብሎ ማየት የሰው ልጅ ጉጉት ነው፤ ተማሪዬም ያው ጉጉት አለው። ስለዚህ እንደ ልቡ ጨምሮ፣ ቀንሶ፣ አበላሽቶ የሚያይበት፣ ሰው የማይሞትበት አንጎል ያስፈልገዋል።

በደጉ መንገድ የሄደም አለ። ዋይልደር ፔንፊልድ የተባለው ሐኪም ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ቀዶ ያክም ነበር። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም፤ ስለዚህ የራስ ቆዳውን አደንዝዞ በሽተኛው ነቅቶ፣ እያናገረው፣ በኤሌክትሮድ ነካ ያደርጋል። "ምን ተሰማህ?" "አውራ ጣቴን ነዘረኝ።" ነካ። "አሁንስ?" "ከንፈሬን።" እንዲህ እያለ ከባልደረባው ከቦልድሬይ ጋር እ.ኤ.አ. በ1937 ካርታ አወጣ። በዚያ ካርታ ላይ ሰው ሲሳል ከንፈሩና እጁ ግዙፍ፣ ጀርባው ቀጭን ነው፤ አንጎላችን ለእጅና ለአፍ የሰጠው መሬት ሰፊ ስለሆነ ነው። ዓላማው በሽታው የሚነሳበትን ቦታ ለይቶ ማውጣት፣ ንግግርና እንቅስቃሴ ያለበትን ቦታ ደግሞ ማትረፍ ነበር። ያቺ ልጅ በሞንትሪያል ተወልዳ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አስቤ አውቃለሁ።

እዚህ አገር ደግሞ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ከመካነ ሰላም እስከ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያለውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል።

እንግዲህ የማይሞተው አንጎል ከየት ይመጣል? ከስሌት ነው። የመጀመሪያውን የሠሩት ሰዎች ታሪክ ደግሞ እኔን ብዙ ያጽናናኛል።

ሆጅኪንና ሃክስሊ እንግሊዛውያን ናቸው። ስኩዊድ የሚባል የባሕር እንስሳ አለ፤ ከነርቮቹ አንዱ በዓይን የሚታይ፣ ግማሽ ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሚወፍር ነው። እሱ ውስጥ ኤሌክትሮድ አስገብተው ሶዲየሙ ስንት እንደገባ፣ ፖታሲየሙ ስንት እንደወጣ ለኩ፤ ለካ ይህ ሁሉ በአራት እኩልታ ይጻፋል። እኩልታው እውነት ነርቭ የሚያደርገውን ያደርግ እንደሆነ ለማየት ግን መሰላት ነበረበት። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር በዚያን ጊዜ ለማሻሻያ ቆሞ ነበር፤ ለወራት። ሃክስሊ ምን አደረገ? ብሩንስቪጋ በምትባል በእጅ የምትዞር የሒሳብ ማሽን ተቀመጠ። እጀታውን ያዞራል፣ ይጽፋል፣ ያዞራል፣ ይጽፋል። አንዲት ተጓዥ የነርቭ ምት ሰልቶ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀበት። እናቶቻችን ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው መጁን እንደሚገፉት ማለት ነው። ከእጀታው የወጣው መስመር በስኩዊዱ ነርቭ ከተለካው ጋር ገጠመ። እ.ኤ.አ. በ1952 አሳተሙት፤ በ1963 ኖቤል ተሸለሙበት።

ሃክስሊ ሦስት ሳምንት የፈጀበትን ዛሬ አንድ ተራ ስልክ ዓይን ሳይጨፈን ይሠራዋል። የጎደለን ማሽን አይደለም፤ መብራት በሄደበት ቀን የሚሠራ፣ በልጁ ቋንቋ የሚናገር ፕሮግራም ነው የጎደለን። ለተመራማሪ የሚሆን ሞልቷል፤ ኒውሮን የሚባለውን ፕሮግራም ማንም ሰው በነፃ ማውረድ ይችላል፤ ሲምኒብስ የሚባለው ደግሞ ከራስ ቅል ውጭ የሚሰጥ ኤሌክትሪክና ማግኔት አንጎል ውስጥ የት እንደሚደርስ ያሰላል። ሁለቱም ድንቅ ሥራ ናቸው። የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ግን ደጃቸው ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ሁለት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ይዤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት መሥራት ጀመርኩ። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ፤ ባትሪው አርባ ደቂቃ ይይዛል። ቋንቋው ጃቫስክሪፕት ነው፤ ውጤቱ አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ ስልክ ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት። ይህን የመረጥኩት ለቅንጦት አይደለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ኢንተርኔት የሚፈልግ ትምህርት በዚያ ጊዜ ትምህርት አይደለም። ፋይሉ ዜንደር በሚባል ፋይል ማስተላለፊያ ፕሮግራም ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ባይገባ ይህም አይሆንም ነበር፤ ለዚያ የደከሙትን ሰዎች ባሰብኩ ቁጥር አመሰግናቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ገጽ አንድ ሕዋስና አንድ ኤሌክትሮድ ነው። በጣት የሚገፉ ሁለት መግፊያዎች አሉ፤ አንዱ የኤሌክትሪኩን ጉልበት፣ አንዱ ቆይታውን ይቀይራል። ከታች መስመር ይሄዳል፤ ደፉ በነጠብጣብ ተሰምሯል። ልጁ ይነካል፤ መስመሩ ትንሽ ብድግ ብሎ ይመለሳል። ጉልበት ይጨምራል፤ ይነካል፤ ይመለሳል። ትንሽ ይጨምራል፤ መስመሩ ነጠብጣቡን ያልፍና ሽቅብ ይተኮሳል። እዚህ ላይ ክፍሉ ውስጥ ሁልጊዜ "እ!" የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ቆይታውን ከ1 ሚሊሰከንድ ወደ 0.2 አውርዱት እላቸዋለሁ። ያው ጉልበት አይበቃም፤ አምስት እጥፍ ገደማ ይፈልጋል። ፈረንሳዊው ላፒክ ለዚህ ሕግ አበጅቶለታል፤ የእኔ ተማሪዎች በጣታቸው ያገኙታል።

የምወደው ግን ተቃራኒው ነው። ኤሌክትሪኩን ገልብጠህ ሕዋሱን ወደ ታች፣ ከደፉ ወደ ራቀው ጥግ ጎትተው። ከዚያ ድንገት ልቀቀው። ሲለቀቅ ይተኩሳል! ማንም ሳይነካው። መጀመሪያ ያየው ልጅ ስህተት መስሎት ነበር። "ለቡሄ ጅራፍ የምታስጮኸው እንዴት ነው?" አልኩት። "ወደ ኋላ ወስጄ ድንገት እመልሰዋለሁ" አለ፤ ንግግሩን ሳይጨርስ ገባው።

ሥራው ቀላል ነበር ማለት ውሸት ነው። መጀመሪያ ስሌቱ በ0.1 ሚሊሰከንድ እርምጃ እንዲሄድ አድርጌው ነበር፤ ፈጣን እንዲሆን። ሕዋሱ መተኮስ ሲጀምር ቁጥሩ አበደ፤ ከላይ ወደ ታች እየዘለለ ስክሪኑን ጥሶ ወጣ። የአባይን ቁልቁለት የወረደ ሰው ምክንያቱን ያውቃል፤ ቁልቁለቱ ሲበረታ እርምጃህን ካላሳጠርክ ትንከባለላለህ። እርምጃውን 0.01 አደረግሁት፤ ተረጋጋ።

ሌላው ስህተት ግን ለሁለት ሳምንት አላስተኛኝም። ፕሮግራሙ ደህና ይሠራል፤ አልፎ አልፎ ብቻ መስመሩ ጭርሱን ይጠፋል። "ቲቸር፣ ሞተ" ይሉኛል ልጆቹ። መቼ እንደሚሞት ማንም አያውቅም። በመጨረሻ አንዷ ተማሪ፣ ዝምተኛ ናት፣ ደብተሯ ላይ ስትመዘግብ ቆይታ አመጣችልኝ። "መነሻውን ሃምሳ አምስት ኔጌቲቭ ላይ ሳደርገው ብቻ ነው" አለች። እኩልታውን ከፈትኩት። አንደኛው በር የሚከፈትበት ፍጥነት ሲሰላ ከላይም ከታችም ያለው ልክ በ−55 ላይ ዜሮ ይሆናል። ዜሮ ሲካፈል ለዜሮ! ኮምፒውተሩ ምን ይበል? ሒሳቡ መልስ አለው፤ ከግራም ከቀኝም ስትጠጋው 0.1 ነው፤ ማሽኑ ግን ካልነገሩት አያውቅም። ነገርኩት፤ ዳነ። የመማሪያ መጽሐፎች ደፉን ብዙ ጊዜ በ−55 አካባቢ ነው የሚያደርጉት፤ ሁለቱ መገጣጠማቸው አጋጣሚ ነው። ያቺ ልጅ ግን እስከ ዛሬ "ደፉ ላይ የቆመች" ትባላለች፤ በክብር ነው የሚጠሯት።

ሁለተኛው ገጽ የፔንፊልድ ካርታ ነው። ልጁ አንጎሉን በግራ በኩል ነካ ሲያደርግ የተሳለው ሰው ቀኝ ጣቱን ያንቀሳቅሳል። እዚህ ላይ ዛሬ በዓለም ያለውን ሕክምና እነግራቸዋለሁ። አንቶኒ ባርከር እ.ኤ.አ. በ1985 እንግሊዝ ሼፊልድ ውስጥ የራስ ቅል ሳይከፈት በማግኔት ምት ብቻ የሰው እጅ እንዲነቃነቅ ማድረጉን፤ ቤናቢድ የተባለው ሐኪም በ1987 ፈረንሳይ ግሬኖብል ውስጥ በጥልቁ አንጎል የገባ ኤሌክትሮድ በሰከንድ መቶ ጊዜና ከዚያ በላይ ሲመታ የሚንቀጠቀጥ እጅ ጸጥ ማለቱን። በ2000 ደግሞ ኒትሼና ፓውሉስ ጀርመን ጎቲንገን ውስጥ 1 ሚሊአምፔር ገደማ በሆነ ደካማ ኤሌክትሪክ የአንጎልን የመቀስቀስ ዝንባሌ ከፍና ዝቅ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ።

ይህን የመጨረሻውን በነገርኳቸው ቀን አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ለማትሪክ ጊዜ የባትሪ ድንጋይ ግንባሬ ላይ ባስር ይጠቅመኛል?" ማንም አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅሁም። ባደጉትም አገሮች ቤታቸው ሆነው የሚሞክሩት አሉ፤ ቆዳቸው የተቃጠለም አለ። ማታውኑ ቤቴ ገብቼ የፕሮግራሙን የመጀመሪያ ገጽ ቀየርኩ፤ ምንም ሳይከፈት በፊት፣ በትልቅ ፊደል፣ ይህ ስሌት እንጂ ሰው እንዳልሆነ፣ ማንም በራሱም በወንድሙም ራስ ላይ ኤሌክትሪክ እንዳያስጠጋ ይናገራል። ሜሪ ራፈርቲም እዚያ ላይ ስሟ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ወንጪና ወለንጪቲ ላሉ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ታብሌት ያለ አስተማሪ ተሰጥቷቸው እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል፤ ሕፃናቱ በወራት ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ እስከ መክፈት ደረሱ። የልጆቻችንን አእምሮ ለተጠራጠረ ያ መልስ ነው። ግን የባትሪ ድንጋዩን ጥያቄ ታብሌት አይመልሰውም። መሣሪያው አጠገብ ሰው መቆም አለበት፤ ይህን ማንም አያስለውጠኝም።

ሦስተኛው ገጽ የተሠራው ለእሷ ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት ለወደቀችው። መቶ ሕዋሳት ናቸው፣ አስር በአስር ተደርድረው። እያንዳንዱ ሲተኩስ ብልጭ ይላል፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚንጠባጠብ እዚህም እዚያም ብልጭ፣ ብልጭ። አንድ መግፊያ ብቻ አለ፤ ስሙ "ልጓም" ነው። ልጓሙን ስትቀንሰው ብልጭታዎቹ ይጠጋጋሉ፣ ይሰባሰባሉ፤ ከዚያ መቶዎቹ በአንድ ምት መብራት ይጀምራሉ፤ ቦግ፣ ድርግም፣ ቦግ፣ ድርግም። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል የሚሠራው ይህንኑ ልጓም በማጥበቅ ነው። ከገጹ ግርጌ ምን ማድረግ እንደሚገባ ተጽፏል፤ በጎኗ አስተኛት፤ አፏ ውስጥ ምንም አታስገባ፤ አትያዛት፤ ሰዓት ተመልከት፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ውሰድ። ስለ ክብሪቱም ተጽፏል፤ ጭሱ አንጎል ውስጥ ያለውን ምት አያቆመውም፤ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው እንጨት ሲያልቅ ምቱም በራሱ ጊዜ ስለሚያልቅ ያዳነ ይመስላል።

ልጅቷ ዛሬ ከተማው ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት። መድኃኒቷን ከጀመረች ቆይታለች፤ ከወደቀች ሦስት ዓመት አልፏታል። ባለፈው መስከረም እናቷ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ የሱቁ በር ገርበብ ብሏል። ስልኬን አውጥቼ ፋይሉን በዜንደር ላክሁላት። "ልጆች የሚማሩበት ነው" አልኳት፤ ሌላውን እንዴት እንደምናገር አላወቅሁም።

የመጀመሪያውን ገጽ አለፈችው። ካርታውንም አለፈችው። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ይሄ እኔ ነኝ?" አለች።

"ሥዕል ነው" አልኳት። "ያንቺ ራስ ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ ይህ መቶ ነጥብ ነው። ግን አካሄዱ እንዲህ ነው።"

"ታውቃለህ? ክፍል ውስጥ የነበራችሁ ሁሉ አይታችኋል። እማዬ አይታለች፣ ጎረቤት አይቷል፣ ጸበሉ ላይ የነበረው ሁሉ አይቷል። ስትነግሩኝ ነው እንጂ እኔ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።"

እናቷ ሲኒ እያጠቡ ነበር። "ተዪው ልጄ፣ ምን ያደርግልሻል?" አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ልጓሙን በአውራ ጣቷ ወደ ታች ገፋችው። ነጥቦቹ ተንጠባጠቡ፣ ተጠጋጉ፣ ከዚያ ሁሉም ቦግ አሉ፤ ድርግም አሉ፤ ቦግ አሉ። ብርሃኑ ፊቷ ላይ ይመታል። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እጇን አነሳችብኝ።

"ይቆማል?" አለች።

"ልጓሙን ስትመልሺው ይረጋል።"

"አይደለም፤ ዝም ብሎ፣ ባለበት፣ እንዲቆም ይደረጋል?"

ማቆሚያዋን አሳየኋት። ተጫነችው። መቶዎቹ ሕዋሳት ሁሉም እንደበሩ ቀሩ። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። እናቷ ሲኒውን አስቀምጠው ከትከሻዋ ኋላ መጥተው ቆሙ።

"ሩጫውን እንዳትለቀው" አለችኝ። "ቆይ፤ ልየው።"